ኮረኮንቹ በማን ደጅ ይለፍ?

እስቲ ጠጋ በሉ፤ አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ ከፈለጋችሁም ሳቁብኝ። በዚህ ዕድሜዬ፣ ልጆቼን ድሬ፣ መነጽሬን ሁለተኛ ጊዜ ቀይሬ፣ ብስክሌት መንዳት እየተማርኩ ነው። እየተማርኩ ከማለት እየወደቅኩ ማለቱ ሳይሻል አይቀርም። በጥቅምት መጀመሪያ፣ እዚህ አርባ ምንጭ፣ ከሴቻ ወደ ሲቀላ በሚወርደው መንገድ ላይ ፍሬን ያዝኩ ብዬ ደወሉን ይዤ፣ ቂልልል እያደረግኩ ሄጄ ከጫኖ የመጣች ሴት የደረደረችው ማንጎ ላይ ወጣሁ። ሴትዮዋ መጀመሪያ ማንጎዋን፣ ቀጥላ እኔን አየችና፣ "እትዬ፣ ደወሉንስ ሰምቻለሁ፤ ማንጎ ግን አይሸሽም" አለችኝ። መንገደኛው በሙሉ ሳቀ። እኔም ከመሬት ሳልነሳ ሳቅኩ፤ ምን ላድርግ!

ከሁሉም በላይ የሳቀችው አስተማሪዬ ዕድላዊት ናት። ከጓደኞቿ ጋር ሆና ብስክሌት ታከራያለች፤ እንግዳ ሲመጣ ደግሞ በዶርዜና በቸንቻ በኩል ወደ ደጋው እየመራች ታወጣለች። ሳቋ መሀል ላይ ስልኳ ጮኸ። ቶሎ ብላ አየችውና ፊቷ ጥቁር አለ። "ማነው?" አልኩ፤ እኔ ደግሞ ሳልጠይቅ የምቀር ሰው አይደለሁም። "የቴሌ ማስታወቂያ ነው" አለችኝ፣ "ካሌብ መስሎኝ ነበር።" ከዚያማ ካሌብ ማን እንደሆነ ማንጎ እየለቀምን ቀስ በቀስ አወጣሁት።

ካሌብ የትልቅ አጎቷ የአቶ ዳልጮ ልጅ ነው። ኢንስብሩክ በምትባል፣ በተራራ በተከበበች የኦስትሪያ ከተማ ብስክሌት ይጠግናል። ከሄደ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። እሷና እሱ ስልክ ሲደዋወሉ በጋሞኛ ያወራሉ፤ ሲጽፉ ግን ፊደል በቆጠሩበት በአማርኛ ነው፣ ያውም እንደ ድሮ ሰው ሰላምታና ምርቃቱን አሟልተው፣ በኢሜይል። "በስልክ እንጮሃለን፣ በጽሑፍ እንከባበራለን" ትላለች ዕድላዊት። መከባበሩ እስከ የት እንደዘለቀ እናንተው ፍረዱ። ደብዳቤዎቹን የማወጣው በሁለቱም ፈቃድ ነው፤ የእሱ ፈቃድ እንዴት እንደመጣ ወደ ታች ታገኙታላችሁ።

*

ኢንስብሩክ፣ ግንቦት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተወደድሽው እህቴ ለዕድላዊት፣

የጌታችን ጸጋና ሰላም ካንቺና ከቤተሰቡ ሁሉ ጋር ይሁን። እንዴት ሰነበትሽ? አጎቴ በርናባስ እንዴት ነው? የመዘምራኑ ጭቅጭቅ በረደለት ወይስ አሁንም በኪቦርዱ ይጣላሉ? እኔ በጌታ ቸርነት ደህና ነኝ። እዚህ በረዶው ከተራራው ጫፍ በቀር ለቋል፤ ሰው ሁሉ ብስክሌቱን ከምድር ቤት እያወጣ እኛ ጋ ይደረድራል፣ ቀና የምልበት ጊዜ የለኝም።

ዛሬ የምጽፍልሽ ለትልቅ ጉዳይ ነው። የእኛ ቤት ደንበኞች የሆኑ ስድስት ሰዎች አሉ፤ በየዓመቱ አንድ አገር መርጠው በኮረኮንች ላይ ብስክሌት ይነዳሉ። አስፋልት ስታሳዪያቸው ፊታቸው ይኮሳተራል። እኛ ስንት ዓመት "አስፋልት ይግባልን" ብለን የጮህንበትን መንገድ እነሱ "አስፋልት እንዳይገባበት" እያሉ ነው የሚመጡት። የደጋችንን ፎቶ አሳየኋቸው፤ ገብሱን፣ የቀርከሃ ቤቱን፣ ከላይ ሲታዩ አባያና ጫሞን። በኅዳር እንሂድ አሉ።

ሦስት ቀን አስቤያለሁ። ከአርባ ምንጭ በዶርዜ ቸንቻ፣ ከዚያ በኤዞ አድርጎ ወደ ዲታ፣ ከዲታ ላካሞ፣ ከላካሞ መመለስ። በሳተላይት ካርታ ላይ መስመሩን አስምሬ ልኬልሻለሁ፤ ስልክሽ ላይ ክፈቺው። አንቺ ቀድመሽ ንጂውና የቱ ጠጠር፣ የቱ ጭቃ፣ የቱ ድልድይ እንደተሰበረ ጻፊልኝ። ይህ ከተሳካ በየዓመቱ ሰው እልክላችኋለሁ፤ የጓደኞችሽ ብስክሌቶች በዝናብ ሰሞን ዝገው አይከርሙም።

ሰላምታዬን ለሁሉም አቅርቢልኝ። ጌታ ይባርክሽ።

ወንድምሽ ካሌብ

*

አርባ ምንጭ፣ ግንቦት 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበርከው ወንድሜ ለካሌብ፣

ሰላምህ እንደ ጫሞ ውሃ ይስፋ፣ ጤናህ ይብዛ። እኛ ክብር ለጌታ ይሁን ደህና ነን። የመዘምራኑን ጠብ አባዬ ኪቦርዱን ቤት አምጥቶ በመደበቅ ፈታው፤ አሁን ሁሉም በአንድነት እሱን ነው የተቀየሙት።

መስመርህን ይዤ ወጣሁ። እስከ ዶርዜ ያለውን ዳገት ታውቀዋለህ፤ ጉልበቴ "ምን በደልኩሽ" አለኝ። ቸንቻ ስደርስ ጉሙ ስለወረደ ከፊቴ ያለችው በቅሎ ጭራዋ ብቻ ነበር የሚታየኝ፤ እሷን ተከትዬ ገበያ ገባሁ። ከኤዞ በኋላ ያለው ግን፣ ካሌብ፣ ምን ልበልህ! ኮረኮንቹ በገብስና በድንች ማሳ መሀል ወገቡን እያጣጠፈ ይሄዳል፤ ጠጠሩ ደቃቅ ነው፣ ጎማ ይይዛል፤ ነፋሱ ደግሞ ከጀርባ መጥቶ ሽቅብ ይገፋሃል። ሁለት ቦታ ውሃ መንገዱን ቆርጦታል፣ ብስክሌት ተሸክሞ መሻገር ነው። አንድ ሸማኔ ከቤቱ ወጥቶ፣ "ይቺ ልጅ መኪና አጥታ ነው ወይስ አእምሮ?" አለ። ሁለቱንም አልኩት።

ዲታ ስደርስ ዝናብ መጣና ተመለስኩ፤ ላካሞን ገና አልነዳሁትም። መስመሯን ግን አጉልቼ አየኋት። ላካሞ ስትገባ መንገዱን ትታ በቀጥታ አረንጓዴው ሜዳ ላይ ትወጣለች። እጅህ ስቶ ነው አይደል? ምን ሜዳ እንደሆነ ላንተ አልነግርህም።

አባዬ፣ "ካሌብ ስለ ላካሞ ሰዎች ጠየቀ?" አለኝ። "ሰላምታ ለሁሉም ብሏል" አልኩት። "ሁሉም የሚባል ሰው ላካሞ ውስጥ አላውቅም" አለና ወጣ።

እህትህ ዕድላዊት

*

እዚህ ላይ ጣልቃ ልግባ። አባቴ ከጎጃም በአስተማሪነት መጥቶ እዚሁ ስለወለደኝ የማውቀውን ያህል ላስረዳችሁ። ያ አረንጓዴ ሜዳ ዱቡሻ ይባላል። የጋሞ ሕዝብ ተሰብስቦ የሚመክርበት፣ የተጣላ የሚታረቅበት፣ የሚሄድ የሚመረቅበት ሜዳ ነው። አይታረስም፤ እንዲሁ እየተላለፉ አይረግጡትም። እዚያ ቆሞ መዋሸት ጎሜ ነው፤ የሚያጠፋውን ብቻ ሳይሆን አገሩን የሚከተል ጥፋት ማለት ነው። ሽማግሌዎች እርጥብ ሳር ይዘው ከተንበረከኩ ደግሞ ድንጋይ የያዘ ሰው እንኳ እጁን ያወርዳል። አቶ ዳልጮ፣ የካሌብ አባት፣ ላካሞ ላይ ይኖራሉ፤ በዚያ ዱቡሻ ከሚቀመጡት ሽማግሌዎችም አንዱ ናቸው። ልጁ በመጀመሪያ ደብዳቤው የመዘምራኑን ኪቦርድ ጠይቆ አባቱን እንዳልጠየቀ ልብ ብላችኋል? እኔማ አንብቤ ሳልጨርስ ነው ያየሁት።

*

ኢንስብሩክ፣ ሰኔ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ለዕድላዊት፣

የጌታ ሰላም ይብዛልሽ። መልሴ ስለዘገየ ይቅርታ፤ ሥራ ነው። የጻፍሽውን ለሰዎቹ ተርጉሜ አነበብኩላቸው፤ በቅሎዋን በጣም ወደዷት።

ስለ ሜዳው እጄ አልሳተም። በዙሪያው የሚሄደውን መንገድ አውቀዋለሁ፣ እዚያ ነው ያደግኩት። ዳገት ነው፣ ጭቃው ጉልበት ይደርሳል፤ በብስክሌት አይሞከርም። በሜዳው ከሆነ ግን አንድ ዘፈን ሳያልቅ ማዶ ነሽ። ጎማ ሳር ላይ ምን ያደርጋል? ከላም ኮቴ ይቀላል።

ደግሞስ እኛ የወንጌል ሰዎች ነን፤ አንቺ የወንጌላዊ በርናባስ ልጅ ሆነሽ ጎሜ ምናምን ትያለሽ ብዬ አልጠብቅም። ዝናቡ ፋታ ሲሰጥ ሰው በማይቀመጥበት ቀን አቋርጠሽ ንጂና ስልክሽ መስመሩን ይመዝግበው። ከዚያ በኋላ መንገድ ሆነ ማለት ነው።

ሌላው ደህና ነው። ሰላም ሁኚ።

ካሌብ

*

አርባ ምንጭ፣ ሐምሌ 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለካሌብ፣

ሰላም ላንተ ይሁን። ደብዳቤህን ሦስት ጊዜ አነበብኩት፤ "ሰው በማይቀመጥበት ቀን" የምትለዋ አልዋጥ አለችኝ። ነገሩ ምንም ካልሆነ ሰው ባለበት ቀን ንጂ አትለኝም ነበር?

ለአባዬ አነበብኩለት። ታውቀዋለህ፣ ጎሜ ሲባል ከሚቆጡት ዋናው እሱ ነው። ሰምቶ ሲያበቃ እንዲህ አለ፦ "ጎሜን አልፈራም። ሰው መናቅን ግን እፈራለሁ። እሁድ በአምልኮ መሀል አንዱ በብስክሌት ገብቶ በመዘምራኑ መሀል ቢወጣ፣ ጎማ ምን ያደርጋል ብለን እንሸኘዋለን?" ከዚያ ሳቅ መጣበትና፣ "መዘምራኑስ ይገባቸው ነበር" አለ።

እኔ አልነዳበትም። በዙሪያው ያለውን መንገድ ዝናቡ ሲያባራ ሄጄ አየዋለሁ፤ ጭቃ ከሆነም እንገፋዋለን፣ መግፋት ነውር አይደለም። እኛ በዚያ ደጋ የምንነዳው ሰዎቹ እሺ ስላሉን ነው። "የበርናባስ ልጅ ናት፣ ትለፍ" ስለሚሉ ነው። ይህን ካጣን ብስክሌቶቹን ሸጠን ጫሞ ላይ ዓሣ መቸርቸር ነው የሚቀረን።

እለምንሃለሁ፣ እስከዚያ መስመሩን ለማንም አታሳይ።

ዕድላዊት

*

ሐምሌ አለቀ። ነሐሴም አለቀ። ካሌብ ጭጭ።

*

ኢንስብሩክ፣ መስከረም 2 ቀን 2018 ዓ.ም.

ዕድላዊት፣

እንኳን ለአዲሱ ዓመት አደረሰሽ። ቶሎ ቶሎ ልጻፍ። ሰዎቹ የአውሮፕላን ቲኬት ቆርጠዋል፤ ኅዳር ላይ ቁርጥ ሆኗል። መስመሩን ኮረኮንች የሚወዱ ሰዎች በሚለዋወጡበት ድረ ገጽ ላይ አስቀምጬዋለሁ፤ አስተያየት እንዲሰጡበት ብዬ ነው እንጂ ለሌላ አይደለም። ብዙ ሰው ወዶታል። ላካሞ ላይ እንደ ነበረ ነው፤ በኋላ እናያለን።

አንድ ነገር ልለምንሽ። እኔ ደጋው ላይ አልወጣም። አርባ ምንጭ ሆቴል ውስጥ ሆኜ ሻንጣቸውን እጠብቃለሁ፣ አንቺ ትመሪያቸዋለሽ። እንደምመጣም ላካሞ ላይ ለማንም አትንገሪ። ለማንም።

ካሌብ

*

አርባ ምንጭ፣ መስከረም 25 ቀን 2018 ዓ.ም.

ካሌብ፣

ዮ ማስቃላ፣ እንኳን አደረሰህ ልበልህ ብል አፌ አልታዘዝ አለኝ፤ ቢሆንም በዓሉን በሰላም አሳልፈናል። አሁን የምጽፍልህን ቁጭ ብለህ አንብበው።

ከመስቀል በኋላ ላካሞ ዱቡሻ ተቀምጦ ነበር። የሁለት ወንድማማቾች የድንበር ጠብ ነው፤ ለመታረቅ ጫፍ ላይ ደርሰዋል። በዚህ መሀል አንድ ባልና ሚስት፣ ጀርመኖች ናቸው፣ በብስክሌት ከዲታ መጥተው፣ መንገዱን ትተው፣ ሜዳው ላይ ወጡ። ፈገግ እያሉ፣ እጃቸውን እያውለበለቡ፣ በተቀመጠው ሕዝብ መሀል። ስልካቸው "ቀጥ በሉ" ስላላቸው ቀጥ አሉ።

ማንም አልጮኸባቸውም። ሃላቃው፣ ሕዝቡ ጉባኤውን እንዲያስከብር የመረጠው ሰውዬ፣ እርጥብ ሳር ነጭቶ ፊታቸው ሄዶ ተንበረከከ። ሌሎቹም ከኋላው ተንበረከኩ። ሰውየው ፍሬኑን ሲይዝ ሚስቱ ከኋላው መጥታ ገጨችው፤ ሁለቱም ወደቁ። ከዚያ ምን አደረጓቸው መሰለህ? አንስተው አቧራቸውን አራገፉላቸው፤ ቆጮና የሚያቃጥለውን የበርበሬ ዳጣ አቀረቡላቸው። ጀርመኑ ዳጣውን በማንኪያ ነው የበላው አሉ፤ ዕንባው ወርዶ ሲያበቃ ሰዉ ሁሉ ይቅርታ የጠየቀ መስሎት "በቃ፣ በቃ፣ ይቅር ብለናል" አለው። በኋላ "ማን ነው በዚህ ያመጣችሁ?" ሲሏቸው ስልኩን አሳዩ። ሰማያዊ መስመር፣ በዱቡሻው ላይ፣ ከዳር እስከ ዳር። የወንድማማቾቹ እርቅ ለሌላ ቀን ተላለፈ።

ብስክሌት ሲባል የሚያውቁት እኔን ነው። አስጠሩኝ። አባዬ ልምጣ ሲል ብቻዬን እሄዳለሁ አልኩት፤ መንገድ ላይ ተጸጸትኩ።

ዱቡሻ ላይ ሴት ቆማ ስትናገር ስንት ጊዜ አይተሃል? ተፈቀደልኝና ቆምኩ። ሃላቃው፣ "ልጄ፣ አትፍሪ። ይቺን መስመር ያሰመረው ማን ነው?" አለኝ። አባትህ ፊት ለፊቴ ተቀምጠዋል። ቡልኳቸውን እስከ አገጫቸው ስበው፣ እንደማንኛውም ሰው መልሱን ይጠብቃሉ። አላውቅም ማለት እችል ነበር። ፈረንጅ ነው ማለት እችል ነበር። የት ቆሜ እንደሆነ ግን ታውቃለህ።

"ካሌብ ዳልጮ ነው" አልኩ።

አባባ ዳልጮ ቀስ ብለው ተነሱና ለመናገር ፈቃድ ጠየቁ። ወደ ማንም አላዩም፣ ወደ እኔ ብቻ። "ልጄ፣ ቦታውን ረስቶት ነው ወይስ እያወቀ?" አሉኝ።

ረስቶት ነው ብል ይቀልልሃል። አላልኩም። "እያወቀ ነው" አልኩ።

ራሳቸውን ነቀነቁ። "እንግዲያው እኛን አልረሳንም" አሉ። "ያልረሳ ልጅ ይመጣል። መጥቶ በገዛ አፉ ይናገራል። ዋሱ እኔ ነኝ።" ከዚያ ተቀመጡ።

የተወሰነውን ልንገርህ። ጎማ የሚያልፈው በዙሪያው ብቻ ነው። መስመሩን ያሰመረው ሰው እንግዶቹ ከማለፋቸው በፊት ራሱ መጥቶ ዱቡሻው ላይ መናገር አለበት። ካልመጣ ላካሞ ለብስክሌት ዝግ ነው፣ ላንተም ለእኛም። አባትህ ደግሞ በማይመጣ ሰው ዋስ ሆነው ከተገኙ ከእንግዲህ ያን ሜዳ የሚያውቁት ከዳር ቆመው ነው፤ ቃላቸው አይሰማም።

ስመለስ በዙሪያው ባለው መንገድ ነዳሁ። ደረቅ ነው። ታች ድንጋይ ተነጥፎበታል፣ ላዩ ደቃቅ ጠጠር ነው፤ ሰዎችህ ቢያዩት ይስሙታል። አንድ ቦታ ብቻ፣ ምንጩ በሚያቋርጥበት፣ ትንሽ ረግረግ አለ። እዚያው ላይ መንገዱ ይጠብባል፤ የብስክሌቴ መሪ የቀርከሃ አጥር እየታከከ ነው ያለፍኩት። የማን አጥር እንደሆነ ልንገርህ?

ጉልበት የሚደርስ ጭቃ የለም፣ ካሌብ። የአባትህ ደጅ ነው ያለው። በእሱ ላለማለፍ ብለህ ነው በሕዝቡ ሜዳ ላይ መስመር ያሰመርከው።

ዕድላዊት

*

አርባ ምንጭ፣ ጥቅምት 8 ቀን 2018 ዓ.ም.

ካሌብ፣

አልመለስክልኝም። እሺ። አባዬ ግን ያልነገረኝን ነገረኝ። ስትሄድ ሽማግሌዎች ሊመርቁህ ዱቡሻው ላይ ጠብቀውህ እንደነበር፣ አንተም "የአጋንንት ነገር ነው" ብለህ በታች በኩል ወርደህ መኪና እንደተሳፈርክ። "ያኔ እውነት አለው ብዬ አጨብጭቤለት ነበር" አለኝ አባዬ። ይህን ሲል አንገቱን ደፋ፤ ከእሱ አይቼው አላውቅም።

አባባ ዳልጮን ቸንቻ ገበያ ላይ አገኘኋቸው። ምን ጻፈ አላሉኝም። ድንች ሸጠው ሲያበቁ ብስክሌቴን ዞረው ዞረው አዩና፣ "ይህ ነገር ሲቆም ይወድቃል ወይስ ይደገፋል?" አሉኝ። ይደገፋል አልኳቸው። ሄዱ።

ምን ብዬ ልመልስላቸው? ሰው እየጠበቀህ ነው።

ዕድላዊት

ይህን ሳልጨምር አልቀርም፦ የማስተምራት ጋዜጠኛ ሴትዮ፣ እትዬ ማዕዶት፣ ዛሬ ማንጎ ላይ ወጣችብኝ። ስታጽናናኝ ሁሉን ነገርኳት። ደብዳቤዎቹን ላውጣ ትላለች። አንተ ከፈቀድክ ብያታለሁ።

*

ኢንስብሩክ፣ ጥቅምት 16 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለእህቴ ለዕድላዊት፣

ሰላም ላንቺ ይሁን፣ ለአጎቴ ለበርናባስም።

መስመሩን ከድረ ገጹ አንስቼዋለሁ። አዲሱን ልኬልሻለሁ፤ ክፈቺው።

ስለ ጭቃው ያልሽው ልክ ነው። አጎቴ ያልነገረሽ አንድ ነገር አለ፣ እሱም ስለማያውቀው ነው። ያን የሄድኩ ቀን ከማዶው ጠመዝማዛ ላይ ሆኜ ዞሬ አየሁ። ሌሎቹ ሽማግሌዎች ሄደዋል። አባቴ ሳሩን እንደያዘ ቆሟል። መኪናው ጉም ውስጥ እስኪገባ አልተቀመጠም። ካርታው ላይ ላካሞን ባጎላሁ ቁጥር ሜዳው ባዶ ነው፤ ሳተላይት ሰው አያሳይም። ባዶ ነው ብዬ አሰመርኩበት።

እዚህ በአምስት ቋንቋ "ጎማዎ ፈንድቷል" ማለት እችላለሁ። ለአባቴ የመጀመሪያዋን ቃል ግን ሦስት ሳምንት ፈልጌ አጣኋት። እስቲ ንገሪኝ፦ ዱቡሻው ላይ የሚናገረው ቆሜ ነው ወይስ ተንበርክኬ? ረስቻለሁ። ይህን እውነት ረስቻለሁ።

ያቺ ማንጎ ላይ የወጣችው ሴትዮ ታውጣው። ሰው ካነበበው አርባ ምንጭ ሆቴል ውስጥ ሻንጣ ልጠብቅ ማለት አልችልም። ለዚያ ብዬ ነው የምፈቅደው፤ ራሴን አላምነውም።

ወንድምሽ ካሌብ

*

አርባ ምንጭ፣ ጥቅምት 24 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለተወደድከው ወንድሜ ለካሌብ፣

የጌታችን ሰላም ካንተ ጋር ይሁን፤ የምትመጣበትን መንገድ ያቅናልህ፣ የምትደርስበትን ደጅ ይክፈትልህ። አባዬ ስምህን እየጠራ ይጸልያል፤ ኪቦርዱንም ለመዘምራኑ መልሷል።

አዲሱን መስመር ከፈትኩት። በዙሪያው ይሄዳል፤ ምንጩ ጋ ደርሶ፣ አጥሩን ታክኮ፣ በሩ ላይ ትንሽ ምልክት አለች፦ "ማረፊያ" ትላለች። ስልኬን ይዤ ላካሞ ወጣሁ፤ ላሳያቸው ብዬ ነው። ማሳየት ግን አላስፈለገኝም።

አባባ ዳልጮ መንገዱ ላይ ጎንበስ ብለው አገኘኋቸው። ምንጩ በሚያቋርጥበት ረግረግ ላይ ጠፍጣፋ ድንጋይ እያነጠፉ ነው። ወደ መንገዱ የወጣውንም የአጥር ቀርከሃ ነቅለው ወደ ውስጥ መልሰውታል። "ምን እየሠሩ ነው?" ብላቸው፣ "ጎማሽ እዚህ ጋ ሲንሸራተት አይቻለሁ" አሉኝ። እኔ ሳልፍ ለካ በአጥሩ ቀዳዳ ያዩኝ ነበር። ድንጋዩን በእግራቸው ረግጠው ፈተኑና ቀና አሉ።

"እነዚያ እንግዶች ስንት ናቸው?"

"ስድስት ናቸው" አልኳቸው።

አጥሩን ከጫፍ እስከ ጫፍ በዓይናቸው ለኩት። ብስክሌት ሲደገፍበት ይችል እንደሆነ በትከሻቸው ገፋ አድርገው አዩት። ከዚያ አጎንብሰው ሌላ ድንጋይ አነሱና፣ ሳያዩኝ፣

"ሰባት" አሉ።

ቆመህ ነው ወይስ ተንበርክከህ ብለህ ጠይቀኸኛል። አልጠየቅኩልህም። መጥተህ እሳቸውን ጠይቃቸው።

እህትህ ዕድላዊት

*

እንግዲህ ይህ ነው፣ የእኔ ውዶች። እንግዶቹ በኅዳር ይገባሉ። ካሌብ ከዚህ ደብዳቤ በኋላ የጻፈው ሁለት መስመር ብቻ ነው፤ አውሮፕላኑ የሚያርፍበትን ቀንና "ብስክሌት አስቀሪልኝ" የሚል። ዕድላዊት አንዱን ብስክሌት ለይታ ካቴናውን ዘይት ቀብታዋለች፤ እኔ እንኳ ልቀመጥበት ስል "እሱን አትንኪ" ብላ እጄን መታችኝ። በሌላ በኩል ደግሞ አልዋሻችሁም፣ እሰጋለሁ። "እሺ" ያለ ልጅ ቸንቻ ላይ ጉም ሲያይ ልቡ ሊሸሽ ይችላል፤ ዘጠኝ ዓመት የተሸሸ ደጅ በአንድ ደብዳቤ አይቀርብም። አቶ ዳልጮ ደግሞ ቃላቸውን ሰጥተው፣ ድንጋያቸውን አንጥፈው፣ ተቀምጠዋል።

እኔም እወጣለሁ። በብስክሌት አይደለም፣ የላካሞን ድንች ማን ይጠብቀዋል! ሻንጣ በሚጭነው ፒክአፕ ላይ ተፈናጥጬ ነው፤ ዝም ብዬ ላይ ለዕድላዊት ምያለሁ፤ መሐላው ከባድ ቢሆንም። አጥሩ ሥር ቆሜ፣ የዕድላዊትን ብስክሌት ሳልጨምር፣ እቆጥራለሁ። ሰባተኛው ብስክሌት ተደግፎ ካየሁ ማን ቀድሞ እንደተናገረ፣ ቆሞ ይሁን ተንበርክኮ፣ አንድም ሳላስቀር እነግራችኋለሁ። ስድስት ብቻ ከሆኑም አልደብቃችሁም፤ የጎደለችውን አንዷን ቦታ ሽማግሌው እንዴት እንዳዩዋት እነግራችኋለሁ።